መስታወቱ ላይ የተገኙት ነጥቦች

ቆቦ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ የጡት እህቴ ለዓሊማ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከቆቦ እስከ ጀርመን ያለው መሬት ሁሉ ሰላም ይሁንልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለቤቴ ኢልሀም ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። ዘንድሮ የጎሊና ወንዝ ጎርፍ በሰዓቱ ስለገባበት ማሽላው ጥሩ ይዟል።

ኢንተርኔቱ ከጠፋ ሰነበተ፤ ስልኩም ሲመጣ ሲሄድ ነው። ይህን ደብዳቤ ሾፌሩ አራጌ ደሴ ሲደርስ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። መልስሽንም እዚያው አሳትሞ ያመጣልኛል። ከዘገየሁብሽ መንገድ ተዘግቶ ነው ብለሽ እወቂ።

ዓሊማ፣ ነገር ሳላስረዝም ልጠይቅሽ። ልጄ ኢክራማ ከኮምቦልቻ በኬሚካል ምህንድስና ከተመረቀች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሥራ የለም። ፎቶ ቤቴ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ የመታወቂያ ፎቶ በመቀስ ትቆርጣለች። ሰባት ወር አዲስ አበባ አጎቷ ዘንድ ተቀምጣ ጀርመንኛ ተምራ ፈተናውን አልፋለች። ፋብሪካችሁ እያስተማረ የሚያሠራቸው ወጣቶች እንዳሉ አንድ ጊዜ ነግረሽኝ ነበር። ለእሷስ ብትጠይቂላት?

እናቴ፣ አላህ ጀነትን ይወፍቃትና፣ እናትሽ ስትሞት አንቺን በአንድ ጡት እኔን በአንድ ጡት አድርጋ ነው ያሳደገችን። ይህን የማነሳው ውለታ ለመቁጠር አይደለም። ብቻ ታውቂዋለሽ።

ወንድምሽ በድረዲን

*

ጀርመን፣ ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበርከው ወንድሜ በድሩ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላህ። ሰላምታዬ ለኢልሀም ይድረስ፤ ለጉልበቷ የሚቀባ መድኃኒት ሰው ሳገኝ እልካለሁ።

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ አንድ ሳምንት አሰብኩበት። አለቃችንን አነጋግሬዋለሁ። «አንቺ ከመሰከርሽላት ማመልከቻዋን እናያለን» ብሏል። ስለዚህ የምትመጣው በእኔ ስም ነው። ይህን አስቀድመህ አስረዳት።

ሥራው ምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ፎቶ አንሺ ስለሆንክ ይገባሃል። ካሜራ ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበል ጥፍር የሚያህል ነገር አለ። በእሱ ላይ የሚከደነውን መስታወት የምንለብጠው እኛ ነን። መስታወቶቹን አየሩ ተመጥጦ የወጣለት ትልቅ የብረት ታንከር ውስጥ አስገብተን፣ ስስ ሽፋን በሽፋን ላይ እንደራርብባቸዋለን። አንዱ ሽፋን ከፀጉር ብዙ መቶ ጊዜ ይቀጥናል። ሽፋኑ የሚፈለገውን ብርሃን ያሳልፋል፣ የማይፈለገውን ይመልሳል።

ችግሩ ንጽሕናው ነው። አንተ ካሜራህ ላይ የቆቦ አቧራ ሲቀመጥ እፍ ብለህ በጨርቅ ትጠርገዋለህ። እዚህ ግን ሽፋኑ ሥር አንዲት ብናኝ ከገባች አትወጣም። ፎቶው ላይ ለዘላለም ነጥብ ናት። የእኛ መስታወት የሚሄደው ሰው ሆድ ውስጥ ገብቶ ለሐኪም ወደሚያሳይ ካሜራ ነው። ሐኪሙ ነጥቧ ቁስል መስላው ሊቆርጥ ይችላል፤ ቁስሉን ደግሞ ነጥብ መስሎት ሊያልፈው ይችላል። ከሰው የሚረግፍ ፀጉር አለ፣ ቅባት አለ፣ ከልብስ የሚወጣ ክር አለ። ከታንከሩም አለ። ሽፋኑ መስታወቱን ብቻ ሳይሆን ግድግዳውንም ይለብጠዋል፤ እየወፈረ ሲሄድ ይላጥና ቅርፊቱ መስታወቱ ላይ ይረግፋል። ለዚህ ሲባል ግድግዳውን የሚሸፍኑትን የቆርቆሮ መከለያዎች በየጊዜው አውጥተን በንጹሕ እንለውጣለን።

አሥራ አራት ዓመት ሠርቼ የፈረቃ ኃላፊ ሆኛለሁ። በሱዳንና በሊቢያ አቋርጬ የመጣሁ ሴት ነኝ፤ እዚህ ቦታ ማንም አንስቶ አላስቀመጠኝም። ልጅህ ይህን አክብራ ትምጣ።

ዓሊማ

*

ቆቦ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዓሊማ፣ ዕድሜና ጤና አላህ ይጨምርልሽ።

ቪዛው ወጣ! አራጌ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ኢልሀም እልልታዋን ስታቀልጠው ጎረቤት ሙሽራ የመጣ መስሎት ተሰበሰበ። የምረቃ ፎቶዋን አስተልቄ አትሜ የፎቶ ቤቴ መስኮት ላይ ሰቅዬዋለሁ። ለመታወቂያ የመጣ ሁሉ «ይቺ ማን ናት?» ይለኛል። «ጀርመን የምትሄደዋ ልጄ» እላለሁ። ቢጠይቁኝም ባይጠይቁኝም እላለሁ።

የፊታችን ረቡዕ ትሳፈራለች። ትናንት ስመክራት ያልኳትን ለአንቺም ልጻፍልሽ። «ዓሊማን እንደ እናትሽ እይያት። ብትቆጣሽ ዝም በይ። ቤቷ ውስጥ ያየሽውን፣ ሥራዋ ላይ ያየሽውን፣ ውጭ እንዳታወጪ» አልኳት። «እሺ አባ» አለችኝ። አደራ ሰጥቼሻለሁ፤ ከእንግዲህ አባትም እናትም አንቺ ነሽ።

ወንድምሽ በድረዲን

*

ጀርመን፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበድሩ፣ ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ።

ኢክራማ ደህና ናት። ብርዱ ከብዷት ነበር፤ አሁን ለምዳዋለች። የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው፤ ቤት ታጸዳለች፣ ሶላቷን በሰዓቱ ትሰግዳለች። ትምህርት ቤትም ጎበዝ ናት ይላሉ።

የሥራዋን ነገር ጠይቀኸኛል። መስታወት ስንፈትሽ ጨለማ ክፍል ውስጥ ከጎን በኩል ኃይለኛ መብራት እናበራበታለን፤ ጉድለት ካለ እንደ ኮከብ ብልጭ ይላል። ሰው ይህን ለመልመድ ዓመት ይፈጅበታል። እሷ በሦስት ወር ለመደችው። አለቃችን ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት «ከዛሬ ጀምሮ ይቺ ልጅ ያላየችው መስታወት ከዚህ ክፍል አይወጣም» አለ። ሰዉ አጨበጨበላት። ደስ ብሎኛል።

አንድ ነገር ግን አንተም ብትመክራት። ያዩትን ሁሉ ወዲያው መናገር ጥሩ አይደለም። እኔ ፈትሼ ያሳለፍኩትን መስታወት ሦስት ጊዜ መለሰችብኝ፤ በሰው ፊት።

ዓሊማ

*

ቆቦ፣ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዓሊማ፣ በረካው አይለይሽ።

ደብዳቤሽን ለኢልሀም ሳነብላት ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። ሦስት ጊዜ መለሰችብሽ? ወላሂ እኔም ፎቶ ቤት አላስቀምጥ ብላኝ ነበር። «አባ፣ የሰውዬው ዓይን ጨፍኗል፣ ድገመው» ትለኛለች፤ ሰውዬው ከፍሎ እየወጣ! አትቀየሚያት፤ ዓይኗ ነው እንጂ ልቧ ምንም የለበትም። አለቃዋን በእኛ ስም አመስግኝልን። መስኮቱ ላይ ካለው ፎቶ ሥር «ጀርመን አገር የተመሰገነች» ብዬ ጽፌበታለሁ።

በድረዲን

*

ቆቦ፣ ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዓሊማ፣ ሰላም ነሽ ወይ?

ከዒድ ወዲህ ከሁለታችሁም ድምፅ የለም። አራጌን በየሳምንቱ እጠይቀዋለሁ፤ «ምንም አልመጣም» ይለኛል። ኢልሀም እህል አልወርድ ብሏታል። አሟችሁ እንደሆነ፣ ተጣልታችሁ እንደሆነ፣ ምንም ይሁን ጻፊልኝ። ክፉ ወሬም ቢሆን ከዝምታ ይሻላል።

በድረዲን

*

ጀርመን፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበድሩ፣ አላህ ሰብሩን ይስጥህ።

ኢክራማ በሕይወት አለች፤ ጤነኛም ናት። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት እንዳትደነግጥ ነው። ዝም ያልኩት ልጽፈው ከብዶኝ ነው።

የዒድ ዕለት ከሰዓት በኋላ ፈረቃ ነበርን። ታንከሩ ውስጥ ሦስት መቶ አርባ መስታወት ነበር። በማግስቱ ሲፈተሽ ሁሉም ላይ ጥቁር ነጥብ ተገኘ። አንድም የዳነ የለም፤ ሁሉም ተጣለ። አለቃችን ፈረቃውን ሰብስቦ «ማን ምን ይዞ ገባ?» ብሎ ጠየቀ። በድሩ፣ እኛ ኩል እንኳ ተኩለን መግባት አይፈቀድልንም፤ ዱቄቱ ይረግፋል። ልጅህ ኩል ተኩላ ነበር። ዓይኗ ላይ አይቼው ስለነበር አየሁ አልኩ። በሥራዬ ዋሽቼ አላውቅም።

እሷንም ጠየቋት። «ጠዋት ለዒድ ሶላት ተኩዬ ነበር፤ ግን ታጥቤ ነው የገባሁት» አለች። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረችም። ዝምታዋን እንደ ጥፋት ቆጠሩት። ውሏ ተቋረጠ። ሌላ ፋብሪካ ፈልጋ ካገኘች በሕጉ መቆየት ትችላለች፤ የተሰጣት ግን ጥቂት ወር ነው። አሁን ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ጋር ነው የምትኖረው። ሥራዬ ላይ ዓይን እንዳይበዛብኝ ለጊዜው ሌላ ቦታ ብትሆን ይሻላል ብያት ነው።

በእኔ ስም መጥታ ይህ በመሆኑ ሰው ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል። ከአንተ ግን አልቀየምም።

ዓሊማ

*

ቆቦ፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ ለዓሊማ፣

በምን ዓይኔ ሰላም እንደምልሽ አላውቅም። አውፍ በይኝ። ወርቅ ሆነሽ በሰው አገር የቆምሽበትን ቦታ ልጄ አቆሸሸችብሽ። አሥራ አራት ዓመት የደከምሽበትን! ስንት ነገር ነግሬያት፣ ስንት መክሬያት፣ ለአንዲት ጥቁር ዱቄት!

ፎቶዋን ከመስኮቱ አውርጄዋለሁ። ሰው «የት ሄደ?» ሲለኝ «ፀሐይ አበላሸው» እላለሁ። ኢልሀም «መጀመሪያ ልጅቷን ጠይቃት» ብላ እግሬ ላይ ወድቃ ነበር፤ ምኗን ልጠይቃት? አንቺ በዓይንሽ አይተሻል፤ እሷም ተኩዬ ነበር ብላለች።

ከዚህ ጋር ለእሷ የጻፍኩት አለ፤ በእጅሽ ስጫት። እንዲህ ይላል፦ «ኢክራማ፣ ከቤቴ ስትወጪ ልጄ ነበርሽ። ያጠባችሽን እናት፣ ያስተማረሽን አባት፣ ያስጠጋችሽን አክስት በአንድ ቀን አዋረድሽ። እዚያ አገር በአክስትሽ ስም አንድ ቀን እንዳታድሪ። ሌላ ሥራም እንዳትፈልጊ፤ በሄድሽበት የሚጠሩት የእሷን ስም ነው። ነይና ቤት ተቀመጪ። ከመጣሽ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል ከአፍሽ መስማት አልፈልግም።»

ጠንካራ ነው ካልሽ ጠንካራ ነው። ይገባታል።

በድረዲን

*

ጀርመን፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበድሩ፣ ሰላም ለቤትህ።

ጽሑፍህ ደረሰኝ። አውፍ ብያለሁ፤ አንተ ምንም አላጠፋህም።

የላክህላትን ሰጠኋት። ደጃፌ ላይ ቆማ ነው ያነበበችው። ግቢ አልኳት፤ አልገባችም። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ሰኞ ሌላ ፋብሪካ ለፈተና ጠርቶኝ ነበር» አለችኝ። «ትሄጃለሽ?» አልኳት። «አባቴ አትሂጂ ብሏል» አለች። ሰኞ አልሄደችም። ጓደኛዋ ትኬት ቆርጣላት ነሐሴ መጀመሪያ ትገባለች።

ልጅቷን አታስጨንቃት። ስለ ሆነው ነገር ባታነሳባት ጥሩ ነው፤ ለእሷም ለአንተም ይበጃል። ለኢልሀም የጉልበት መድኃኒቱን በእሷ እጅ ልኬያለሁ።

ዓሊማ

*

ቆቦ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዓሊማ፣

ሰላምታውን እለፊው። ሁሉንም እንደሆነው ልንገርሽና መጨረሻ ላይ የምለምንሽ አለ።

ኢክራማ ነሐሴ 4 ገባች። ሰው አልተቀበላትም፤ እኔ ነኝ እንዳይቀበሏት ያደረግኩት። ወር ሳይሞላት ለዋጃው እህል ነጋዴ ለታሂር ሰጠኋት። ሚስቱ የሞተችበት፣ ሦስት ልጅ ያለው፣ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ወሬው ሰው አፍ ሳይገባ ብዬ ነው። «ትስማሚያለሽ?» ስላት «አንተ ካልክ» አለችኝ። ኒካሁ ኅዳር 28 ተቆርጧል።

ባለፈው ሳምንት አራጌ ከደሴ በኢሜይሏ የገባ የፋብሪካችሁን ደብዳቤ አሳትሞ አመጣላት። አንብባ ሞሰብ ሥር ከተተችው። አውጪ ብዬ በግድ በአማርኛ አስነበብኳት። የገበያ ዋጋ የምትነግረኝ ይመስል ነበር ድምፅዋ።

ነጥቦቹን በትልቅ ማይክሮስኮፕ መርምረዋቸዋል። ኩል አይደሉም። የራሱ የሽፋኑ ቅርፊት ናቸው፤ ከግድግዳው መከለያ የተላጡ። መዝገቡ ግን በዒዱ ዋዜማ መከለያው ተለውጧል ይላል፤ ፊርማው ያንቺ ነው። አንቺን ሲጠይቁሽ «እኔ ፈረምኩ እንጂ የለወጠችው ልጅቷ ናት» ብለሻል፤ ስለዚህ በደንብ አልለወጠችም ተብላ ጥፋቱ አሁንም በእሷ ላይ ነው። አለቃው የጻፈው ይህን ነው፦ መከለያው እንዳልተለወጠ ወይ አንቺ ወይ እሷ እስከ ኅዳር 15 በጽሑፍ ካረጋገጣችሁ ስንብቷ ይሰረዛል፣ ትምህርቷን ትቀጥላለች። ከዚያ ካለፈ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

«መከለያው ተለውጦ ነበር?» አልኳት።

«አልተለወጠም።»

«አንቺ ነበርሽ የምትለውጪው?»

«አብረን ነበርን። ቆርቆሮውን ልፈታ መፍቻ ሳነሳ አክስቴ ‹ተይው፣ ዘግይተናል፣ ከዒድ በኋላ እንለውጠዋለን› አለችኝ። ከዚያ መዝገቡ ላይ ፈረመች።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርሽም?»

«ሥራዋ ላይ ያየሽውን ውጭ እንዳታወጪ ብለኸኝ ነበር።»

ዓሊማ፣ የተቀመጥኩበት ወንበር ከሥሬ የተነሳ መሰለኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩ። «ጻፊ» አልኳት። እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋችው። ለመንኳት። አባቷ ነኝ፣ ተንበርክኬ ለመንኳት። ምን አለችኝ መሰለሽ? «ያኔ ሳትጠይቀኝ ፈረድክብኝ። ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ከአፍሽ መስማት አልፈልግም ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ። አሁን አልናገርም።» ይህን ብላ ወደ እናቷ ሄደች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ዋጃ ወርጄ ለታሂር ሁሉንም ነገርኩት። ሰውዬው ሰው ነው። «ትምህርቷ ከተመለሰላት ቃሌን እመልሳለሁ፣ ትሂድ። ካልተመለሰላት ግን ዘመድ ጠርቻለሁ፣ በቀኑ እንዲሆንልኝ» አለኝ።

አሁን የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። እሷ ብትጽፍም ቃሏ በቃልሽ ላይ ነው የሚሆነው፤ አንቺ ከጻፍሽ ግን ያለቀ ነው። አንድ መስመር፦ «መከለያውን አልለወጥንም።» ሌላ ምንም አትጨምሪ። ሥራሽን ታጪ እንደሆነ ነይ፤ ቤቴ ቤትሽ ነው፣ የፎቶ ቤቱንም ግማሽ እሰጥሻለሁ። እናቴ ባጠባችሽ ወተት ይዤሻለሁ። አልቀየምሽም፣ ለማንም አልናገርም። ልጄን ብቻ መልሺልኝ።

በድረዲን

*

ጀርመን፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበድረዲን፣

አሰላሙ ዓለይኩም።

የላክኸው ጥቅምት 29 ነው የደረሰኝ። ዛሬ ኅዳር 16 ነው። ቀኑ ትናንት አልፏል። ዛሬ የምጽፍልህ ትናንት እስኪያልፍ ጠብቄ ነው። መንገድ አልተዘጋብኝም፣ አልታመምኩም። እንድትሳሳት አልፈልግም።

መከለያውን አልለወጥንም። ለመለወጥ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ያን ሳምንት ሁለት ጊዜ ዘግይተን ነበር፣ ሦስተኛ ብንዘገይ ተጠያቂዋ እኔ ነበርኩ። ኩሉንም በሳሙና ታጥባ ነው የገባችው። መታጠቢያው ጋ አጠገቧ ቆሜ ፎጣ ያቀበልኳት እኔ ነኝ። አለቃችን ሲጠይቀን ቀና ብላ አየችኝ። እንድናገር ጠበቀችኝ። እኔ ስለ ኩሉ ተናገርኩ።

በእነዚህ ቀናት ጭንቅ ይዞኝ ነበር፣ ብዕር አንስቼ ጣልኩ ብልህ ደስ ይልህ ይሆናል። አላነሳሁም። ሥራ ገብቼ ወጣሁ፣ በላሁ፣ ተኛሁ። ኅዳር 15 አለቃችን «ከልጅቷ መልስ መጣ?» ብሎ ፀሐፊዋን ሲጠይቅ እዚያው ነበርኩ። «አልመጣም» አለችው። ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ የምትጨምሪው አለ?» አለኝ። «የለኝም» አልኩት። ፋይሉን ዘጋው።

ነይ ብለኸኛል። ቆቦ ገብቼ ምን ልሁን? ሀምሳ ዓመት ልሞላ ነው። በረሃ ላይ አብረውኝ ከነበሩት አሥራ አንድ ሰዎች ስድስቱን አሸዋ ውስጥ ትቼ ነው እዚህ የደረስኩት። ከእነሱ ውኃ ያካፈልኩት የለም፤ ስላላካፈልኩ ነው የደረስኩት። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ልጅህ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አባት አላት፣ እናት አላት፣ ባልም አግኝታለች።

በእኔ ላይ ብቻ አታድርገው። እኔ ለፋብሪካው ነው የተናገርኩት። ሌላ ፋብሪካ እንዳትሄድ የከለከልካት አንተ ነህ፤ ፈተናው ሰኞ ነበር፣ ታልፈው ነበር። ያን ቀን ያን ወረቀት ባልሰጣት እችል ነበር፤ አንተም ባትጽፈው ትችል ነበር።

ለኢልሀም ሰላም በልልኝ። ለታሂር መብሩክ በለው፤ የተባረከ ኒካሕ ያድርገው። ከዚህ በኋላ መልስ አልጠብቅም፤ ብትጽፍ ግን አነበዋለሁ።

ይህን ለኢክራማ ማንበብ አያስፈልግህም። ያን ዕለት ቀና ብላ ስታየኝ ማን እንደሆንኩ አውቃለች።

አላህ ሁላችሁንም ይጠብቃችሁ።

የጡት እህትህ ዓሊማ